ጀልባዋን የቀባንበት ሰኔ

ባለፈው ሳምንት የግቢዬን በር ቫርኒሽ የሚቀባልኝ ወጣት ምሳውን በልቶ ተመለሰና፣ ጣቶቹን በሱሪው ጠረግ ጠረግ አድርጎ ብሩሹን ሊያነሣ ሲል ጮኽኩበት።

«ታጠብ!»

«እጄ እኮ ንጹሕ ነው፣ እትዬ።»

«ምን በላህ?»

«ሽሮ።»

«ቅቤ ነበረው?»

ልጁ ክው አለ። ቀኑ ጾም መሆኑን የረሳ መስሎት በጣቱ ሲቆጥር አየሁት። ረቡዕም ዓርብም አልነበረም። በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ፣ እስከ ክርኑ አስታጠብኩት፤ ምን ዓይነቷ ሴትዮ ላይ ጣለኝ እንደሚል ከፊቱ ይነበብ ነበር። ከዚያ የጣሳውን ክዳን ፈልቅቆ ሲከፍተው ሽታው ወጣ። አፍንጫ ሰንጥቆ ግንባር ላይ የሚቀመጥ ሽታ ነው። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ደጄ ላይ ባጃጅ ይጮሃል፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ያወራል፤ ፍኖተ ሰላም እንደ ወትሮዋ ናት። እኔ ግን ብር ወንዝ ዳር ነበርኩ፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ እጄም እስከ ክርኔ ቅቤ ነው።

ለምን እንደጮኽኩበት ልንገራችሁ። ያደግኩት ከከተማው ወደ ቆላው ሲወርዱ፣ ብር ወንዝ ዳር ካለ መንደር ነው። ብርን በበጋ ያየው ሰው ይንቀዋል። ልብስ ሰብሰብ አድርገው፣ ጫማ በእጅ ይዘው የሚሻገሩት ውሃ ነው። ሰኔ ሲጋመስ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናል፤ ቀይ አፈር ለብሶ፣ ግንድ ተሸክሞ፣ ከሩቅ እንደ ወፍጮ እያጓራ ይመጣል። ከዚያ እስከ መስከረም ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ያሉ ዘመዳሞች የሚጠያየቁት በጩኸት ብቻ ነበር። «ላሚቱ ወለደች ወይ?» ይላል አንዱ መዳፉን አፉ ላይ ቀልሶ። «ወ-ለ-ደ-ች!» ይላል ሌላው። ጥጃው ወንድ ይሁን ሴት ለማወቅ መስከረምን መጠበቅ ነው።

እህቴ የተዳረችው ወዲያ ማዶ ነው። ጤና ጣቢያው ያለው ወዲህ ማዶ ነው። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ? የመጀመሪያ ልጇን እንደ ደንቡ እናቷ ቤት መጥታ ልትወልድ ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ወንዙ ቀደማት። ምጡ ሲጠናባት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ወንዙ አፋፍ አመጧት። ቃሬዛውን ሾላው ሥር አስቀምጠው ውሃው እንዲጎድል ጠበቁ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጠበቁ። እኛ በዚህ በኩል ቆመናል። ድምጿ በውሃው ጩኸት መሐል አልፎ አልፎ ይሰማ ነበር፤ ሳይሰማ ሲቀር ደግሞ ይብስ ነበር። አባቴ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሟል፤ ወደ ፊት አይሄድ፣ ወደ ኋላ አይመለስ። በመጨረሻ ቃሬዛውን አንሥተው ወደመጡበት መለሷት። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

አባቴ በር ሠሪ ነበር። በአካባቢው ስሙ የተጠራ የቤተ ክርስቲያን በርና የደህና ቤት በር ሁሉ ከእጁ የወጣ ነው። ቃል አይወጣውም፤ አንድ ነገር ከተናገረ እናቴ «ዛሬ ዝናብ ሳይጥል አይቀርም» ትል ነበር። ወንዙ እንደጎደለ ያለ አንዳች ማብራሪያ ስንቁን አሰርቶ ባሕር ዳር ሄደ። ሦስት ቀን ሙሉ ወደቡ ላይ ተቀምጦ የእንጨት ጀልባ ሲያይ ዋለ። ሲመለስ ያመጣው አንድ ልቃቂት ክር ብቻ ነበር፤ ክሩም በቋጠሮ የተሞላ ነው። ግቢው ውስጥ ዘረጋውና ከዚህ ቋጠሮ እስከዚህ ርዝመቷ፣ ከዚህ እስከዚህ የሆዷ ስፋት፣ ይሄ ቁመቷ አለን። ጀልባን በቋጠሮ ይዞ የመጣ ሰው ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

መንደሩ መቼም አፉን አይዘጋ። «በር ሠሪው ጀልባ ሊሠራ ነው አሉ። ቁልፍ ይኖራታል ወይ? ወንዙ ሲያንኳኳስ ማን ነው ሚከፍት?» ብለው ተሳለቁ። አባቴ የዋንዛ ግንድ አስጥሎ፣ ሰንጥቆ፣ በጥላ አድርቆ ሳንቃ አወጣ። ሳንቃ ከሳንቃ ሲገጥም በመካከሉ ብርሃን አያሳልፍም ነበር። ያም ሆኖ እናቴ የፈተለችውን ወፍራም የጥጥ ፈትል በሰም እየነከረ መገጣጠሚያው ውስጥ በደነዘ መሮ ጠቀጠቀው።

ከዚያ ሥራው ወደ እኔ መጣ። አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ በር ማለስለስ ከልጅነቴ ጀምሮ የእኔ ድርሻ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ እዳብሳለሁ፤ የሚቧጥጠኝ ነገር ካለ በሩ አላለቀም። ጀልባዋን ዳስ ሥር በአፏ ደፍተናት፣ ውጭዋን በጠርሙስ ስባሪ ስፍቅ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሳሽ ሁለት ሳምንት ከረምኩ። ስጨርስ ዱቄቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ያኔ ነው መጀመሪያ የደነገጥኩት። ደረቁ፣ ግራጫው ዋንዛ ጨርቁ ባለፈበት ሁሉ ተገለጠ፤ ዛፉ በየዓመቱ ያደገበት መስመር ሁሉ እንደ ማር ቀለም ወጥቶ ታየኝ። በትንፋሽ ልክ ቆየና ውሃው ሲደርቅ ተመልሶ ጠፋ። አንድ ነገር አይቼ የተከለከልኩ መስሎኝ ደጋግሜ አረጠብኩት።

አባቴ ያን ዕለት ቫርኒሽ የሚባል ነገር ሊገዛ ፍኖተ ሰላም ሄዷል። ባሕር ዳር ላይ ነግረውት ነው፤ በዕድሜው ቀብቶት አያውቅም፤ በሮቹን የሚያሳምረው በሰም ነበር። ውጭዋ ካልታሸገ ሥራው ሁሉ ከንቱ መሆኑን ግን ያውቃል። ጥሬ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ ያኔ ጥጡም ሰሙም ከመገጣጠሚያው ይወጣል። እህቴ ደግሞ እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ቀኗ ሐምሌ ነው። አባቴ በግንቦት «ወንዙ ሳይሞላ ነይ» ብሎ ልኮባት ነበር። የባሏ እናት ከአልጋ የማትነሣ ናት። «እሷን ማን ላይ ጥያት ልምጣ? ጀልባዋ አለች አይደለም ወይ» ብላ መልሳ ላከች።

ጀልባዋ አለች። እኔ ብቻዬን ከፊቷ ቆሜ አየኋት። ምጣድ ሲገዛ ይሟሻል፤ ጋን ይታጠናል፤ ኮርቻና ጠፍር ቅቤ ጠጥተው ነው ዝናብ የሚችሉት፤ ሙሽራም ቅቤ ሳትቀባ ከቤቷ አትወጣም። ይቺ ታዲያ እንዲህ ደርቃ ውሃ ልትገባ ነው? እናቴ ለቅሶ ሄዳለች። ጓዳ ገባሁና ትልቁን ቅል አወረድኩ። ለእህቴ የአራስ ገንፎ ከጥር ጀምሮ የተጠራቀመ ቅቤ ነው። ትንሽ ልቀንስላት ነበር ሐሳቤ። እንጨቱ ግን ቅቤውን ሲያገኝ ያ መልክ ተመልሶ ወጣ፤ ወጥቶም አልጠፋም። እጄን ማን ያቁመው? ቅሉን ጨረስኩት።

አባቴ ማታ ሲመጣ ዳሱ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ጀልባዋ ታበራ ነበር። ጠጋ ብሎ በጣቱ ነካ፣ ጣቱን አሸተተ።

«ምን ቀባሻት፣ አንች?»

«ቅቤ።»

ጣቱን በጋቢው ጠረገ። ከዚያ «ደግ አስበሻል» አለኝ። አባቴ በዕድሜው ያመሰገነኝ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከእነሱም አንዱ በዚህ ስህተት ላይ የወጣ ነው።

በማግሥቱ ቫርኒሹን አብረን ቀባን። ሽታው ዶሮዎቹን ሳይቀር ከግቢ አስወጣ። እናቴ ፊቷን በጀልባዋ ጎን ላይ አይታ ነጠላዋን አስተካከለች። እስኪደርቅ አንድ ቀን ይበቃል ተብሎ ነበር። አንድ ቀን ሆነ፤ ጣት ይዞ ያስቀራል። ሦስት ቀን ሆነ፤ ዝንቡም ገለባውም ተለጥፎባታል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የጎረቤታችን ውሻ ጀልባዋን እየላሰ ያዝነው፤ የላሰበት ቦታ ላይ ቫርኒሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። አባቴ ጫፉን ይዞ ሳብ ሲያደርገው አንድ ክንድ ሙሉ ተገፎ መጣለት። ከሥሩ ቅቤው እንዳለ ቁጭ ብሏል።

በዚያው ሰሞን እናቴ ቅሉን አወረደች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ባዶውን ቅል አቅፋ ዳሱ ድረስ መጣችና እኔን ሳይሆን ጀልባዋን እያየች፣ «አራሴን በምን ልጠግናት ነው? በሳንቃ?» አለች።

ሰማዩም አልጠበቀንም። ዝናቡ ጀመረ፤ ወንዙ መቅላት ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት ውሃ ልቀዳ ስወርድ እህቴ ወዲያ ማዶ ሾላው ሥር ቆማለች። ሆዷ ከሩቅ ይታያል። መዳፏን አፏ ላይ ቀልሳ፣ «አ-ለ-ቀ-ች ወይ?» አለችኝ። ያ ሾላ የትኛው ሾላ እንደሆነ አልረሳሁትም፤ እሷም አልረሳችም። «ነ-ገ!» ብዬ ጮኽኩ። ዋሸሁ። እሷ እጇን አውለብልባ ተመለሰች፣ እኔ እንስራዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

አባቴ ግን ተስፋ ቆረጠ። «እንዲሁ እናግባት» አለ፤ ፊቱን ሳየው የሚያስገባት ጀልባ ሳትሆን እህቴ መሆኗን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ከተገፈፈው ቫርኒሽ ቁራጭ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ወደ ፍኖተ ሰላም መንገድ ጀመርኩ።

ቀለም ሻጩ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ ሐጂ ነበሩ። ከሱቃቸው ደጃፍ ቆሜ፣ «የበር ሠሪው ልጅ ነኝ፣ ለጀልባ ቫርኒሽ ከእርስዎ የወሰደው» አልኳቸው። ቁራጩን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አነሡት፤ ቀጥሎ አሸተቱት። ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ይኸ የምን ሽታ ነው? ቅቤ!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። «አንች ልጅ፣ ጀልባ ነው ወይስ ዶሮ ወጥ ነው የሠራችሁት?»

እንባዬን ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ። ስለ እህቴ ነገርኳቸው፤ ስላለፈው ክረምትም ነገርኳቸው። ወንበር ሰጡኝና እንደ ትልቅ ሰው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አየሽ፣ ቅባት ላይ ቫርኒሽ አይቀመጥም። ሌላ ጣሳ ብሰጥሽም በዚህ ዝናብ አይደርቅልሽም። አሁን የሚያዋጣሽ ተልባ ነው። የአባቴን የሱቅ መዝጊያ ያቆየው እሱ ነው።» ከጓዳ፣ ቡሬ ከተማ የተጨመቀ የተልባ ዘይት በቢጫ ጀሪካን አወጡ። «መጀመሪያ በእንዶድና በአመድ ውሃ እጠቡት፣ ከዚያ ፍቃችሁ አድርቁት። ዘይቱን ሞቅ አድርገሽ ሰም አቅልጭበት። በእጅሽ እሽው እስኪጠጣ። ሲጠግብ የተረፈውን ጥረጊው፣ ካልሆነ ያጣብቃል። ኑግ ብቻ እንዳትቀላቅይ፤ ኑግ እንደ ተልባ አይደርቅም። ቅቤማ…» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሂጂ በይ፣ ወንዙ አይጠብቅሽም።»

ጀሪካኑን አዝዬ ስመለስ የሮጥኩትን ሩጫ ዛሬ ጉልበቴ አያምነኝም።

እንዶዱን የወቀጡት የመንደሩ ሴቶች ናቸው። የሰማ ሁሉ መጣ፤ ስለ ቁልፏ ያፌዙት ሰዎችም እንጨት ተሸክመው መጡ። ጀልባዋ በነጭ አረፋ ተሸፍና፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ሲፈትጓት የክርስትና ልጅ የሚያጥቡ ይመስሉ ነበር። ታጥባ፣ ተፍቃ፣ እንደገና ግራጫ ሆነች። ዝናቡ የዳሱን ክዳን ይደበድባል። አባቴ በተሰበረ ምጣድ ፍም እየሞላ ከተደፋችው ጀልባ ሥር አስገባና ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት አደረቃት።

በሦስተኛው ቀን ዘይቱን በብረት ድስት አሞቅን፤ ሰሙ ሲቀልጥበት ሽታው ከጠላ ቤትም ከንብ ቀፎም ከደረቀ ሣርም የመጣ ይመስል ነበር። አባቴ መጀመሪያ እኔን ጠራኝ። «አንች ጀምሪው» አለ። መዳፌን ነክሬ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ አሳረፍኩት።

እንጨቱ ጠጣ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መዳፌን ከማንሣቴ ዘይቱ የለም። እደግማለሁ፣ የለም። ዓመቱን ሙሉ ጥላ ሥር የቆመ ደረቅ ሳንቃ የዛፍነት ጥሙ ያልወጣለት ነበር። ሴቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሳንቃ ያዙ፤ ወሬው ሁሉ ቀስ በቀስ ቆመና የመዳፍ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከመካከላችን ትልቋ ሴትዮ፣ «ተይው ይጠጣ፤ እንጨትም እንደ ሰው ነው፣ የጠገበ ለት ይመልሳል» አለች። እኔ ዓይኔን አላነሣሁም። ያ በእርጥብ ጨርቅ አይቼው የተከለከልኩት መልክ ከሥር እየመጣ ነበር፤ ቅቤው እንዳደረገው ከላይ የሚያብረቀርቅ አይደለም፤ ከውስጥ የበራ ነው። የዛፉ ክረምትና በጋ ሁሉ መስመር በመስመር ተቆጠረ። ፈራሁ ብል አልዋሸሁም፤ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ እንደሚፈራው ያለ ፍርሃት ነው።

ዘይቱን መልሳ እስክትተፋ ድረስ ለሦስት ቀን አጠጣናት። ከዚያም አድርቀን በሱፍ ጨርቅ አሸናት። ሳምንት በፍም ሙቀት ቆይታ፣ አባቴ አንድ ጣሳ ውሃ ይዞ መጣ። ሁላችንም ተሰብስበናል። ውሃውን ከላይ አፈሰሰባት። ውሃው አልተዘረጋም፤ ፍሬ ፍሬ ሆኖ፣ እንደ ተበጠሰ ዶቃ እየተንከባለለ ወረደና መሬት ላይ ወደቀ። ሳንቃው ደረቅ ነው። እናቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ ዓይኔን አየችኝ፣ ቀጥሎም ጀልባዋን ዳበሰቻት።

ሰኔ ሲያልቅ ከሃያ የማያንሱ ወንዶች ተሸክመዋት ወረዱ። በእኛ በኩል ካለው ዋርካ እስከ ወዲያኛው ሾላ ወፍራም ገመድ ከበጋ ጀምሮ ተወጥሯል፤ ገመዱን እየሳቡ ነው የሚሻገሩት። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩ። አባቴ ብቻውን ገባባት። ያን ውሃ ዕድሜያችንን ሙሉ የምናውቀው ሲወስድ ነው፤ በሬ ሲወስድ፣ ድልድይ ሲወስድ፣ ሰው ሲወስድ። ያን ቀን ግን ተሸከመ። አባቴ ገመዱን ይዞ፣ ከቀዩ ጎርፍ በላይ ቀጥ ብሎ ሄደ። እልል የሚል ጠፋ፤ ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቀሩ። ወዲያ ማዶ ደርሶ ሲወርድ ነው ሁለቱም ዳር በአንድ ጊዜ የጮኸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ሌላ ሥራ አልነበረውም፣ ሰው ማሻገር ብቻ። እያንዳንዱ ሰው ከወረደ በኋላ ግን ተንበርክኮ የጀልባዋን ወለል በእጁ ይዳብሳል። መገጣጠሚያውን አንድ በአንድ በጣቱ ይከተላል፤ ደረቅ መሆኑን አይቶ ይነሣል፣ ከደቂቃ በኋላ እንደገና ይዳብሳል። «አበዛኸው፣ ታደክማታለህ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እኔ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። የእኔን ቅቤ ነው የሚፈልገው፤ ካለፈው ክረምት ቃሬዛ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ነው የሚፈልገው።

ሐምሌ እኩሌታ ላይ፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጩኸቱ መጣ። «ም-ጥ!» ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። አባቴ ገመዱን ያዘ፣ እኔ ሳልጠየቅ ዘልዬ ገባሁ። ጀልባዋ ላይ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ወንዙ ከሁለት ጣት ውፍረት ሳንቃ በታች ሲያጉረመርም በእግሬ ሰማሁት። ያን ሁሉ ጉልበት የሚከለክልልን መዳፌ ያሸው እንጨት ብቻ መሆኑን ሳስብ እግሬን ማሳረፍ እንኳ ከበደኝ።

እህቴን በቃሬዛ አምጥተው ወለሉ ላይ አስተኟት፤ ጋቢ ደርበንላታል። ባሏና አባቴ ገመዱን ይስባሉ። እኔ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ይዣታለሁ። መሐል ወንዝ ላይ ስንደርስ ምጡ መጣባት፤ እጄን ይዛ ጥርሷን ነከሰች፣ ከዚያ ትንፋሿን በረጅሙ ለቀቀችው። አባቴ ዘወር ብሎ አያትና ዓይኑ ወደ ወለሉ ወረደ። ወለሉ ላይ ውሃ አለ። ከእግሯ ሥር ተነሥቶ በሳንቃዎቹ መገጣጠሚያ መሥመሩን ይዞ ወደ እሱ እየመጣ ነው።

አባቴ ገመዱን ለአማቹ ጥሎለት በጉልበቱ ወደቀ። ፊቱ አመድ ሆነ። በሁለት እጁ ወለሉን ይፈልጋል፣ መገጣጠሚያውን በጥፍሩ ይከተላል፣ «የት ነው? የት ነው?» ይላል። እያለቀሰ አልነበረም፤ ግን እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሱ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያ እጁ ውሃው ውስጥ ቆመ። መዳፉን አንሥቶ አየው። ብር ወንዝ በሐምሌ ቅዝቃዜው አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ ይሄ ውሃ ግን ሞቃት ነው።

«አባየ» አልኩት፣ «የወንዙ ውሃ አይደለም።»

አልገባውም። ቀና ብሎ እኔን አየ፣ እህቴን አየ። እህቴ በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሐል ሳቅ መጣባት፤ «የኔ ነው፣ አባየ» አለችው። «የሽርቱ ውሃ ነው። ጀልባዋ ደህና ናት።»

ወንድ የማያየው ነገር ነው፣ አባቴ ደግሞ ከወንዶችም ዓይነ አፋሩ ነበር። ፊቱን ያዞራል ብዬ ነበር። አላዞረም። እርጥብ እጁን እንደያዘ ተነሣ፤ ገመዱን ጨበጠው፤ ከአማቹ ጋር እስከ ዳር ድረስ ሳበን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤና ጣቢያው ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። ለአባቴ ልነግረው ሮጬ ስወርድ ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር፤ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ባዶዋ ጀልባ ውስጥ ተቀምጧል። «ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» አልኩት። ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁና አጠገቡ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ዛሬ እዚያ ወንዝ ላይ የሲሚንቶ ድልድይ አለ፤ አባቴ ድልድዩን ሳያይ አረፈ። እሱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ዘጠኝ ክረምት ሰው አሻገረ። ወለሉን በእጁ ሲዳብስ ዳግመኛ አላየሁትም።